ጠብታ

ባሌ ካዚሚር ሠላሳ አንድ ዓመት
ቶሊዶ፣ መስታወት ፋብሪካ፣ በማታው ፈረቃ
እንደ ሰልፈኛ የሚያልፈውን ጠርሙስ
በብርሃን ፊት እያየ፣
አረፋ የያዘውን ከደህናው እየለየ
በዓይኑ ነበር የሚያድረው።

አሁን ያ ዓይን ግፊት አለበት።
"ሌባ ነው" አለችን ሐኪሟ፣
"ከዳር ከዳር ነው የሚሰርቅ፤
መሀሉን የሚወስደው መጨረሻ ላይ ነው።"
ማታ ማታ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ፣
ዕድሜ ልክ።

ሒሳቡ ቀላል ነበር፣ ጣቴን እስኪያገኝ።
ጣቴ ይንቀጠቀጣል።
አንዷ ጉንጩ ላይ፣ አንዷ ሽፋሽፍቱ ላይ ቀረች፣
አንዷ ትራሱን አጠጣች፣
በሃያ አንደኛው ቀን ጠርሙሷ ደረቀች።
መድኑ ግን ቀን እንጂ ጠብታ አይቆጥርም።
"ዘጠኝ ቀን ይቀርዎታል" ይላል የተቀዳ ድምፅ፣
"እስከዚያ አንከፍልም።"
ከዚያ ሙዚቃ። ሙዚቃው መሀል ያው ድምፅ፦
"ጥሪዎ ለእኛ ዋጋ አለው።"
ዋጋ እንዳለውማ አውቃለሁ።

መድንና መድኃኒት፣ እንደ ስማቸው፣
የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኝ ነበር።
ለካ ተኳርፈዋል፤
በመሀላቸው ቆመን የምንከፍለው እኛ ነን።

ፋብሪካው ሲዘጋ የቀድሞው መድን አብሮ ተዘጋ።
ይሄኛው ርካሹ ነው፦
መጀመሪያ አምስት ሺህ ዶላር ከኪሳችሁ አፍስሱ፣
ከዚያ እንነጋገራለን የሚል።
በየወሩ እንከፍለዋለን፣
ለማይመጣ እንግዳ ወንበር እንደሚይዝ ሰው።

ከአውራ ጣቴ ለምታንስ ጠርሙስ
ሁለት መቶ አሥራ አራት ዶላር።
ኬይሊን፣ ትልቁ መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ፣
ቁጥሩን ነግራኝ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።
ዓይን ያወጣ ዋጋ ይሉታል፤
ይሄኛው ያለ ማጋነን ነው።

ለድርጅቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ።
ጠብ ያለ ነገር የለም።
እኛም ቆጠብን፦ ዛሬ ለግራው፣ ነገ ለቀኙ።
ልጅ ከልጅ አይለይም ይባላል፤
እኛ ዓይን ከዓይን ለየን።
ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ።
አንድ ቀን የበሩን መቃን በትከሻው መታው፤
"ማነው ያጠበበው?" ብሎ ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም።

የሻሂን ሱቅ ከተዘጋው ጫማ ጠጋኝ ቤት አጠገብ ነው።
አባቱ ከሊባኖስ መጥተው የከፈቱት፣
በሩ ሲከፈት አሁንም ደወል የሚደውል።
ካርዴን ተቀበለ፣ ገለበጠው፣ መለሰልኝ።
"ይህን ከቦርሳሽ አታውጪው" አለኝ፣
"መድን እንደሌለሽ ሁኚ።
ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የጣለው።"
አሥራ ስምንት ዶላር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
የቆጠርኩትን ገንዘብ እንደያዝኩ
ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ተናደድኩ፣
አንገቴ እስኪቀላ።
ሁለት ክረምት!
ከዳር ከዳር የሄደውን ማን ይመልሳል?
ሻሂን ዝም ብሎ ጠበቀኝ።
ከዚያ፣ ሌላ የሚሰጠኝ እንደሌለው ሰው፣
"ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው" አለ፣
"ሲቀዘቅዝ የት እንዳረፈ ባልሽ ያውቀዋል።"

እውነቱን ነው። ማታ ካዚሚር አንገቱን አቀና፣
"ጉንጭ" አለ። ደገምኩ።
"ጉንጭ።" ደገምኩ።
"አሁን ቤቷ ገባች።"

ተነስቶ ውሃ ጠጣ፣ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አነሳ፣
የድሮ ልማዱ ነው።
"ይሄ መጣል ነበረበት፤ አረፋ አለው።"
ተቀብዬ አየሁ። የለም።
አዞርኩት፣ እንደገና አዞርኩት፤
ከሥሩ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ፣
አለች።

ብርጭቆውን አጠብኩት።
ነገም እንዲያገኛት
አረፋዋን በእሱ በኩል አዙሬ
መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።